ከሰሌዳው የጎደለው ኃጢአት

የማስተምረው ትምህርት ስሙን ጠርቼ ሳልጨርስ ሰው ይሰለቸዋል። «አጋዥና አማራጭ መግባቢያ» ይባላል። አንድ ቀን ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ሥራዬን ጠይቃኝ ይህንኑ ብላት፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ በአማርኛ ንገሪኝ» አለችኝ። እውነቷን እኮ ነው። በአማርኛ እንዲህ ነው፦ አፉ አልታዘዝ ያለው ሰው በእጁም፣ በዓይኑም፣ በሥዕልም፣ በተገኘው ሁሉ የልቡን እንዲናገር መርዳት። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ይህን ሥራ ለሚማሩ የንግግር ሕክምና ተማሪዎች አስተማሪ ነኝ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደራርበው ብርዱን እየረገሙ ይማራሉ።

ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ የሚጠሩኝ ስም እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ፣ ሰው አፉ ስለማይናገር ብቻ ሌላው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ሲናገርለት ማየት ነው። ያኔ ደሜ ይፈላል። የዚያ ክረምት ነገር ግን ቁጣዬን ሁሉ አልፎ ሆዴን ያባባው ነገር ነው።

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አንዲት እናት ልጃቸውን በባጃጅ ጭነው ከጋፋት በኩል መጡ። ጭቃው እስከ ባታቸው ደርሷል። ልጅቷ ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ ከተወለደች ጀምሮ እጅ እግሯ የማይታዘዝላት፣ ቃል የሚባል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ወጣት ናት። ፀጉሯ ግን ሹሩባ ተሠርቶ፣ ቀሚሷ ተተኩሶ፣ ለሠርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው። እናቷ ወንበር ስሰጣቸው እንኳ አልተቀመጡም።

«ዶክተር ልጄ፣ ጉሮሮዋን እዪልኝ» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ነጭ ጋወን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለሚሉ ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

«ምን ሆነች?»

«ቁርባን እምቢ አለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየፍልሰታው እናቷ አዝለው እየወሰዱ ያቆርቧታል። የንስሐ አባታቸው፣ «ይህች ኃጢአት የላትም፤ መልአክ ናት፤ ከሕፃናቱ ጋር ትቀበል» ይላሉ፤ አድጋም በዚያው ቀጠለ። ባለፈው ዓመት ግን ቅዱስ ሥጋው ሊሰጣት ሲል ጥርሷን ገጥማ ፊቷን አዞረች። ቢለምኗት፣ ቢያባብሏት፣ ወይ ፍንክች! እናት በምእመኑ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ወደዱ። ሰው ተንሾካሾከ፤ የያዛት ነገር አለ ተባለ። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ብርድ በማለዳ ጠበል ስትጠመቅ ከረመች።

«ዘንድሮም አፏን ከዘጋች ምን እላለሁ?» አሉ እናቷ። «የጉሮሮ በሽታ ነው በይኝ እባክሽ። ልጄ ከፈጣሪዋ ጋር ተጣልታለች ከሚሉኝ በሽታ ይሻለኛል።»

ለሁለት ተማሪዎች ሰጠኋቸው። አንዱ የእብናት ልጅ ነው፤ ዲያቆን፣ አንገቱን የደፋ፣ በጥያቄ ሁሉ የሚጨነቅ። ሌላዋ ከጅማ የመጣች ሙስሊም ልጅ ናት፤ ጥሩ ሥዕል ትስላለች፣ የማታውቀውን ለመጠየቅ አታፍርም። መዋጧን መረመሩ። ውሃ፣ ገንፎ፣ ቂጣ፤ ሁሉንም እያዩ አንድ በአንድ ሰጧት። ልጅቷ ከእኔ ተሽላ ትውጣለች። ጉሮሮዋ ምንም የለበትም ስንላቸው እናቷ ደስ ሊላቸው ሲገባ አቀርቅረው አለቀሱ።

ዲያቆኑ ደግሞ ሌላ ሪፖርት ይዞልኝ መጣ። «ቲቸር፣ አዎንና አይደለምን አትመልስም። ጭንቅላቷን ጭራሽ አትነቀንቅም።»

«አንተስ እናትህ ሲጠሩህ ትነቀንቃለህ?»

«አልነቀንቅም።»

«ታዲያ ምን ትላለህ?»

ትንሽ አሰበና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» አለ፤ ሁላችንም እሺ፣ አዎ፣ ሰማሁ ስንል እንደምናደርገው። ይሄኔ ልጅቷ ወንበሯ ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች። ለካስ እሷ ቀኑን ሙሉ ትንፋሿን እየሳበች አዎ፣ አዎ ስትለን ነው የዋለችው! መጽሐፉ ጭንቅላት ይነቀነቃል ስለሚል ልጆቼ ጭንቅላቷን ሲጠብቁ ነበር። ምን ልበላቸው? እኔው ነኝ መጽሐፉን ያስነበብኳቸው።

ከዚያ ሰሌዳ ሠራንላት። የሚናገር ታብሌት አንድ አለን፤ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። የጅማዋ ልጅ ሥዕሎቹን ሣለች፤ ዝናብ እንዳይነካቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን በፕላስቲክ ላሚኔት አስደረግናቸው። ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ እናት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ውጪ፣ አይደለም፣ አመሰግናለሁ፣ እወድሻለሁ። የልጅቷ ግራ እጅ እንደ ምንም ይንቀሳቀሳል፤ ጡጫዋን ወርውራ በምትፈልገው ሥዕል ላይ ታሳርፋለች። ቶሎ ነው የገባት። እንዲያውም እኛ ነን የዘገየነው።

በየቀኑ እየመጣች መጀመሪያ የምትለን ግን አንድ ነገር ሆነ፦ ቤተ ክርስቲያን። እናት። ውጪ። ከዚያ ጡጫዋ በሰሌዳው ላይ ይንከራተታል፣ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ከሰሌዳው ወርዶ ጠረጴዛውን ይመታል። ፊቷ ይቀላል። ዲያቆኑ፣ «ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፣ እናቴ ወደ ውጪ ታውጣኝ ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመ። እናት ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«አትገምት!» ብዬ ጮህኩበት። «እዚህ ጥንቆላ አይደለም የምናስተምረው! የምትፈልገው ነገር ሰሌዳው ላይ የለም ማለት ነው። ፈልጉላት።»

ፈለግን። በዓሉን ነው? አይደለም። መንገዱን ነው? አይደለም። ዘመድ ናፍቋት ነው? አይደለም፣ አይደለም። በመጨረሻ ሁላችንም ደክሞን ዝም ባልንበት የጅማዋ ልጅ ወደ ዲያቆኑ ዞረች።

«እኔ የምለው፣ ሰው ከመቁረቡ በፊት ምንድነው የሚያደርገው? ዝም ብሎ ሄዶ ይቀበላል?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ዲያቆኑ። «ይጾማል፣ ንጽሕና ይጠብቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ንስሐ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ልጅቷ ትንፋሿን እንዲህ አድርጋ ስትስብ ሕመም የነካት መስሎኝ ተነሣሁ። ጡጫዋ ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ ዓይኗ ዲያቆኑ ላይ ተተክሏል።

ጎንበስ ብዬ፣ «ንስሐ መግባት ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«እህ።»

«አምና አፍሽን የዘጋሽው ንስሐ ስላልገባሽ ነው?»

«እህ» አለች፤ እንባዋ በጉንጮቿ ወረደ።

እናት፣ ውጪ ማለቷም ያኔ ገባን። እናቴ ውጪ ትሁንልኝ ማለቷ ነበር። ንስሐ የሚገባው ከአባት ጋር ለብቻ ነው እንጂ እናት አጠገብ ተቀምጣ እየተረጎመች አይደለማ! እኔ እንኳ ከቆረብኩ ዘመን አልፎኛል፤ ስንቱ ሰው እንደ ልማዱ ሄዶ ይቀበላል። እሷ ግን ሳልናዘዝ አልቀርብም ብላ ጥርሷን ነከሰች፤ ለዚያም ዓመት ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ተቀጣች። አለቀስኩ። ተማሪ ፊት ማልቀስ አልወድም፤ አለቀስኩ ግን።

እናቷ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ተቆጡ። «ንስሐ? ከምኑ? እጇን ወደ አፏ የማታደርስ ልጄ ምን ኃጢአት አላትና! እኔ አጠገቧ ሳለሁ መቼ፣ የት አግኝታው!»

አይደለም፣ አለች ልጅቷ በጡጫዋ። አይደለም። አይደለም። ላሚኔቱ እስኪሰረጉድ ድረስ።

ሌላ ሰሌዳ ያስፈልጋት ነበር። ዲያቆኑ ግን ጭንቅ ያዘው። «ቲቸር፣ ሰረቅሁ፣ ዋሸሁ የሚል ሥዕል ለታመመ ሰው እንዴት ይሰጣል? ነውር አይደለም?»

«ታዲያ በእወድሻለሁና በሽንት ቤት ንስሐ ትግባ?»

ሦስታችን ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። ሰው ምን ኃጢአት ይሠራል? ማንም የራሱን ማንሣት አልፈለገም። ልጀምርላቸው ብዬ «ቁጣ» አልኩ። «እሱማ የታወቀ ነው» አለች የጅማዋ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ፈታ አልን። ቅናት ገባ፣ እርግማን ገባ፣ ማኩረፍ፣ በሰው ውድቀት መሳቅ፣ ሰውን መጥላት ገባ። ውሸት ላይ ዲያቆኑ ተከራከረኝ፤ የማይናገር ሰው በምኑ ይዋሻል ብሎ።

«ሳያማት እያቃሰተች እናቷን አታስሮጥም ብለህ ነው?» አልኩት። ውሸትም ገባ።

የጅማዋ ደግሞ ቁጭ ብላ አንድ ጎረምሳ ሣለች። ፀጉሩን የተቆረጠ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ መነጽር ያደረገ። ዲያቆኑ እስከ ጆሮው ቀላ። «ኧረ ባክሽ ተይ!»

«ለምን? ሰው አይደለችም እንዴ? ዓይን የላትም?»

ጎረምሳውም ገባ። ከታች ዲያቆኑ «ይቅርታ» የሚለውን፣ የጅማዋ «ቆይ» የሚል የተዘረጋ መዳፍ ጨመሩ፤ እኔ ደግሞ «እዚህ የለም» የሚል ባዶ ሳጥን አስቀመጥኩ፤ የሰውን ልብ ሁሉ ሥለን አንጨርሰውምና። ሥዕሎቹን ለልጅቷ ስናለማምድ ተማሪዎቼን አስጠነቀቅኳቸው፤ ትርጉሙን ንገሯትና ወዲያው ፊታችሁን አዙሩ፣ የትኛው ላይ እንደቆየች እንዳታዩ። ጎረምሳው ላይ ስንደርስ ግን መሳቋን ሰምተናል። እሱን ምን እናድርገው?

የቀሩት ቄሱ ነበሩ። የንስሐ አባቷ አዛውንት ናቸው፤ ደግ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ዝምታ የሚባል ያልፈጠረባቸው። አስጠርተን ነገሩን ስንነግራቸው መስቀላቸውን እያሻሹ ሳቁ። «እናንተ ልጆች! ይህችማ መልአክ ናት እያልኩ?» ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «በይ እስቲ፣ ኃጢአት አለሽ እንዴ ልጄ?»

«እህ!» አለች። እንዴት በኩራት! ቤት ንብረት አለሽ ወይ ተብላ የተጠየቀች ነው የምትመስለው። አባ መሳቃቸውን ተዉ። ትክ ብለው አዩዋትና በቀስታ፣ «እንግዲያ አጥፍቻለሁ» አሉ።

ከዚያ ማሠልጠን ጀመርን፤ ማለትም ተማሪዎቼ አባን ማሠልጠን ጀመሩ። ትምህርቱ አጭር ነው። ይጠይቁ፣ ዝም ይበሉ፣ አይገምቱ፣ እጇ እስኪያርፍ ይጠብቁ። ልምምዱን በቁርስ አደረግነው፤ ምን እንደበላች ትነግራቸዋለች። አባ ግን እጇ ገና ከመነሣቱ፣ «ቂጣ! ቆሎ! ሽሮ ነው አይደል?» ይላሉ። ዲያቆኑ ቄሱን እንዴት ያርማል? ላብ በላብ ሆነ። ደጋግመው ሲያቋርጧት እኔ አልቻልኩም።

«አባ፣ ዝም!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ክው ብዬ ቀረሁ። ተማሪዎቼ ወደ መስኮቱ ዞረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አባ ግን አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «እሺ ልጄ፣ ዝም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በእውነት ዝም አሉ። እጆቻቸውን መስቀሉ ላይ አጣጥፈው ጠበቋት፤ እሷም ቁርሷን ነገረቻቸው።

በጾሙ አንድ ዓርብ ቀን አባ ወደ እናትና ልጅ ቤት መጡ፤ እኛም ሄድን። አንዲት ክፍል ናት፤ ግማሹ የድንች ኩንታል ነው። ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አመቻቸንላትና ወጣን። እናቷም ወጡ። ጣራው ሥር ተጠግተን ቆምን፤ ካፊያው ጠርዙን እያጠበ ይወርዳል። እናቷ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ሰው ሲያናግራት ሳለ እሳቸው አጠገቧ ያልነበሩበት ቀን የለም። ቀስ በቀስ ወደ በሩ ተጠጉ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ይምጡ ወዲህ።»

«ብርድ ልብሱ ተንሸራቶባት ቢሆንስ?»

«ይምጡ።»

ከውስጥ የአባ ድምፅ ይሰማል፤ አጭር ጥያቄ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። እንደገና አጭር ጥያቄ፤ እንደገና ዝምታ፤ ጡጫዋ ላሚኔቱ ላይ ሲያርፍ ዱብ የሚል ድምፅ። አንድ ጊዜ ስታለቅስ ሰማናት። እናቷ እጄን ጨመቁት፤ ሊገቡ እግራቸው ተነሣ፤ ግን አልገቡም። በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲባል ተሰማ።

አባ ሲወጡ እናቷ መስቀል እንኳ ሳይሳለሙ፣ «ምን አለችዎ አባቴ?» አሉ።

«ተይ እንጂ!» አሉ አባ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ቀኖናዋን ሰጥቻታለሁ። አንዱ ግን አንቺንም ስለሚመለከት ልንገርሽ። ከመቁረባችሁ በፊት ይቅር ትባባላላችሁ።»

ገባን። ልጅቷ እጇን አነሣችና እናቷን እያየች «ይቅርታ» ላይ አሳረፈች።

«ምን አድርገሽኝ?» አሉ እናቷ። «ምን አጥፍተሽብኝ ነው ልጄ?»

እጇ ይቅርታው ላይ እንዳለ ነው። ጠበቁ። ዓይን ዓይናቸውን አየች እንጂ ሌላ ሥዕል አልነካችም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ራቧንም፣ ሕመሟንም፣ ሽንቷንም ከእሷ ቀድመው ሲያውቁ የኖሩ እናት፣ አንድ የማያውቁት ነገር በልጃቸው ውስጥ እንዳለና እንደማይነገራቸው ያኔ ገባቸው። ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁት። አሳዘኑኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ አጠገቧ በርከክ አሉ። «አንቺም ይቅር በይኝ። ለጠበሉ። ሰይጣን ነው ሲሉኝ አምኜ ስለነበር። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ሁላችንም «እህ»ን ጠበቅን። አልመጣም። ልጅቷ እናቷን ቁልቁል ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ጡጫዋን አንሥታ፣ የጅማዋ ከሥር ጫፍ ላይ በሣለችው የተዘረጋ መዳፍ ላይ አሳረፈችው። ቆይ።

ዲያቆኑ ደነገጠና ሊያባብላት አፉን ከፈተ፤ ክርኔን ቀመሰ። እናቷ ከጉልበታቸው ሳይነሡ እኔን አዩኝ። «ቆይ አለችኝ?»

«አዎ፣ ቆይ አለችዎት።»

ጥለናቸው ወጣን። ምን ይደረጋል፣ የእኛ ጉዳይ አልነበረም። ሌሊቱን ግን በደንብ አልተኛሁም። ሳትታረቅ ብትቀር ልትቆርብ ነው ወይስ ዘንድሮም ሳትቀበል ልትመለስ ነው?

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ማምሻው እናቷ ደወሉ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ «ይቅር አለችኝ!» ይላሉ። «አሁን ገና! ትናንት እንዳኮረፈችኝ አደረች፤ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ዞር ብላ ሳታየኝ ዋለች። ድንቹን ስለቅም አየት ታደርገኝና ፊቷን ትመልሳለች። እኔ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ... አይ ይህች ልጅ! እንደ ሰው ልጅ አስጠበቀችኝ እኮ ዶክተር ልጄ!» እያለቀሱ ይስቃሉ።

እሑድ ባለ ጎማ ወንበሯን ከዲያቆኑ ጋር እየገፋን በጭቃው አልፈን ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከሕፃናቱ ጋር አይደለም፤ በሴቶቹ ተራ፣ ከእናቷ ፊት ሆና ነው የቀረበችው። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። አባ ፊቷ ቆሙ፤ ጠበቋት። አፏን ከፈተች።

ወጥተው አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲቆሙ፣ አፋቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ነበሩ። የቆረበ ሰው ወዲያው እንደማይናገር ማወቁን አውቃለሁ፤ ግን ደስታዬ አላስቻለኝምና ሮጬ ሄጄ፣ «እንኳን ደስ አለዎት! እንዴት ነበር? ምን ተሰማዎት?» እያልኩ አጥለቀለቅኳቸው። እናቷ በሸፈኑት አፋቸው ላይ እጃቸውን ጭነው ዓይናቸውን ብቻ ያንከራትታሉ፤ አንድ ቃል መናገር አልቻሉም። ሊነግሩኝ የፈለጉት ብዙ እንደሆነ ያስታውቃል። ወደ ልጃቸው ዞረው አዩዋት። እሷም ከነጠላው በላይ በዓይኖቿ እየሳቀችባቸው፣ ይናገሩ እንደሆነ ትጠብቃቸው ነበር።